ማሽኑ ሲሞት የሚገባው ሕግ

የዛሬው ረዘም ይላል። ቡና ካለ ቡና ይዛችሁ፣ ከሌለም በሁለት ዙር አንብቡት። "በኛ አቆጣጠር" ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ሙቀቱ በጀመረ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። "ጋሼ፣ የቤቴ ኤሲ ሞተ። ኮንትራክተሩ ማሽኑን ከቀየርኩ ዳክቱንም ማስፈተሽ ግዴታ ነው ይላል። ቤቱ የተሠራው በ1955 ነው። እንዴት ትናንት የወጣ ሕግ የያኔውን ቤት ይይዛል? እየዘረፈኝ ነው አይደል?" ካሊፎርኒያ ላላችሁ መልሱ አጭር ነው፤ እየዘረፋችሁ አይደለም፣ ቢያንስ በዚህ በኩል። ጥያቄው ራሱ ግን ከመልሱ ይበልጣል። በጊዜው ሕግ በትክክል የተሠራን አሮጌ ቤት አዲስ ሕግ መቼ፣ በየት በኩል ገብቶ ነው የሚይዘው? ይኼ የ50 ዓመት ታሪክ አለው፤ መነሻው ደግሞ እኛንም ያቃጠለ ነገር ነው።

ነዳጅ ነው መነሻው። በ1973 መጸው በእስራኤልና በአረቦች ጦርነት ምክንያት የአረብ ነዳጅ አምራቾች ወደ አሜሪካ የሚልኩትን ዘይት አቆሙ። 3 ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል በጥቂት ወር ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። ንፋሱ አዲስ አበባም ደረሰ። ቤንዚን ጨመረ፤ በኛ አቆጣጠር የካቲት 11 ቀን 1966 ታክሲዎች ቆሙ፣ መምህራንም ሥራ አቆሙ፤ መንግሥት በቀናት ውስጥ ዋጋውን ዝቅ ቢያደርግም ነገሩ ከእጁ ወጥቶ ነበር። የቀረውን ታውቁታላችሁ። አብዮቱን የታክሲ አድማ አመጣው የምል የዋህ አይደለሁም፤ የወሎ ረሃብ ነበር፣ የመሬቱ ጉዳይ ነበር፣ የወታደሩ ደሞዝ ነበር። ክብሪቱ ግን ነዳጅ ነዳጅ ይሸት ነበር።

ያው ንፋስ ሳክራሜንቶ ሲደርስ መሥሪያ ቤት ወለደ። ካሊፎርኒያ በዚያን ጊዜ የመብራት ፍጆታዋ በፍጥነት እያደገ ነበር፤ ኩባንያዎቹም በባሕሩ ዳርቻ የኑክሌር ጣቢያ ለመደርደር እያቀዱ ነበር። ቻርልስ ዋረን የሚባሉ የሎስ አንጀለስ የሕዝብ ተወካይና አልፍሬድ አልኲስት የሚባሉ የሳን ሆዜ ሴናተር አንድ ረቂቅ አዘጋጁ። ረቂቁ የኃይል ማመንጫ የት ይሠራ፣ ይሠራ ወይ የሚለውን የሚወስን ኮሚሽን ያቋቁማል፤ ለሕንፃና ለቤት ዕቃም የኃይል ቁጠባ ደንብ የማውጣት ሥልጣን ይሰጠዋል። ገዥው ሮናልድ ሬገን ነበሩ። በ1973 አልፈርምም ብለው መለሱት። ማዕቀቡ መጣ፣ የቤንዚን ሰልፉ መንገድ ዘጋ፣ በ1974 ግንቦት ላይ ራሳቸው ሬገን ፈረሙ። አዲስ አበባ ላይ እንዳልካቸው መኮንን ካቢኔያቸውን ለማቆየት ሲታገሉ በነበረበት ወር ማለት ነው። ኮሚሽኑ በ1975 ሥራ ጀመረ። ዛሬ ኤሲ ስትቀይሩ የሚጠየቀው ወረቀት ሁሉ የዚያ ፊርማ የልጅ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ሳልጠራ ባልፍ ይቆጨኛል፤ ክፍል ውስጥ ስሙን ደጋግሜ ስለምጠራው አንዳንዶቻችሁ "ደግሞ መጣ" ትላላችሁ። አርት ሮዘንፌልድ። የኤንሪኮ ፌርሚ የመጨረሻ የዶክትሬት ተማሪዎች ከሚባሉት ነው፤ በበርክሊ የቅንጣት ፊዚክስ ነበር ሥራው። በኅዳር 1973 አንድ ዓርብ ማታ፣ አገሩ በሙሉ ለቤንዚን ተሰልፎ ሳለ፣ ከቢሮው ሲወጣ መብራቱ በየክፍሉ እንደበራ መሆኑን አየ። ቅዳሜና እሁድ በሙሉ ሲበራ ስንት ነዳጅ እንደሚበላ በልቡ አሰላና ሊያጠፋ ተነሳ። ችግሩ ማጥፊያዎቹን ማግኘቱ ነበር። አንዱ ከመጽሐፍ መደርደሪያ ኋላ፣ ሌላው ከፖስተር ሥር። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀበት። ከዚያ በኋላ ፊዚክሱን ትቶ ዕድሜውን በሙሉ ሕንፃ የሚያባክነውን ኃይል ሲቆጥር ኖረ፤ በኋላም ራሱ የኮሚሽኑ አባል ሆኖ አሥር ዓመት አገለገለ። በ2017 ነው ያረፈው። ይህን ታሪክ የምወድበት ምክንያት ማጥፊያው መኖሩ ነው። ነበረ እኮ! ማንም ስላልፈለገው ዕቃ ተከመረበት እንጂ።

የመጀመሪያው የካሊፎርኒያ የሕንፃ ኢነርጂ ደንብ፣ ታይትል 24 የምንለው፣ በ1978 ሥራ ላይ ዋለ። ግድግዳና ጣሪያ ውስጥ መከላከያ ይግባ፣ መስኮት ከልክ አይለፍ፣ ማሞቂያና ማቀዝቀዣው ከዚህ በታች ውጤታማ አይሁን። ግን ለማን? ለአዲስ ቤት። ከዚያ በፊት የተሠራው እንዳለ ይኑር ተባለ። ፍርድ ነው፤ ሰውየው ቤቱን ሲሠራ ሕግ አልጣሰም፣ ከተማው መርቆ ፈቅዶለታል፣ ዛሬ ተነስተህ ግድግዳህን ፍረስ ማለት አይቻልም። ፖለቲካም ነው፤ አዲስ ቤት የሚገዛው ሰው ገና ስላልታወቀ ድምፅ አይሰጥም፣ የአሮጌው ቤት ባለቤት ግን ይሰጣል።

ችግሩ ቤት የማይሞት መሆኑ ነው። ዛሬም በካሊፎርኒያ ካሉት መኖሪያ ቤቶች ግማሽ ያህሉ ከ1978 በፊት የቆሙ ናቸው። ከ1980ው የስደተኞች ሕግ በኋላ በብዛት የመጣው የኛ ሰው ራሱ፣ ታክሲ ነድቶ፣ ፓርኪንግ ሠርቶ፣ እቁብ ጥሎ የገዛው ቤት በአብዛኛው የዚያ ዘመን ቤት ነው። ጣሪያው ሥር ጋቢ የምታህል መከላከያ፣ መስኮቱ ነጠላ መስታወት፣ ጣሪያና ኮርኒስ መካከል ደግሞ እንደ አንጀት የተጠማዘዘ ዳክት። ሕግ አውጪው ይኼን ሁሉ ቤት እንዴት ይንካው?

መልሱ ቀስ ብሎ ነው የመጣው፤ ማንም በአንድ ቀን አላሰበውም። ቤቱ መቶ ዓመት ይኖራል፣ ኤሲና ፈርነሱ ግን ከ15 እስከ 20 ዓመት ነው ዕድሜው። ስለዚህ ቤቱን ተወውና ማሽኑ እስኪሞት ጠብቅ። ሲሞት አዲስ ይገዛል፤ አዲሱ የዛሬውን ሕግ ያሟላ። ባለቤቱ በፈቃዱ በሩን የሚከፍትበት ቅጽበት ያ ብቻ ነው፤ ሕጉም በዚያች ቀዳዳ ይገባል። በሕጉ ቋንቋ "በነባር ሕንፃ ላይ የሚደረግ ለውጥ" ይባላል። ያልነካኸው እንዳለ ይቆያል፣ የነካኸው ግን አዲስ ነው።

በመጀመሪያ የገባው በማሽኑ በኩል ነበር። በ1986 ኮንግረስ ለመላው አገር የሚሠራ የዕቃዎች የብቃት ደረጃ አወጣ። ፕሬዚዳንቱ ማን ናቸው? ሬገን። ምን አደረጉ? አልፈርምም አሉ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና መጣላቸው፤ በ1987 ፈረሙ። አንድ ሰው በ13 ዓመት ልዩነት፣ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ ሁለት ጊዜ የፈረመበት ነገር! በሁለተኛው ጊዜ ያስፈረማቸው ማዕቀብ አልነበረም። አምራቾቹ ራሳቸው ነበሩ የፈለጉት፤ ለካሊፎርኒያ አንድ ዓይነት፣ ለኒው ዮርክ ሌላ ዓይነት ማሽን መሥራት ሰልችቷቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ "ሲር" የሚባለው ቁጥር በየማሽኑ ላይ ተለጠፈ። ለማታውቁት፣ ሲር ማለት ኤሲው በአንድ የሙቀት ወቅት የሚሰጠው ቅዝቃዜ ለሚበላው መብራት ሲካፈል ነው፤ ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ቢሉ ያንሳል። ከ1992 ጀምሮ ዝቅተኛው 10 ሆነ። በጥር 2001 የክሊንተን አስተዳደር ሊወጣ ቀናት ሲቀሩት 13 አደረገው። የቡሽ አስተዳደር ገባና 13 ይበዛል፣ 12 ይሁን ብሎ መለሰው። የአካባቢ ተሟጋቾችና የተለያዩ ስቴቶች ከሰሱ። በ2004 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፣ ሕጉ አንዴ የወጣን ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ ይከለክላል ብሎ ፈረደ። 13 ቆመ፤ በጥር 2006 ሥራ ላይ ዋለ። ከ10 ወደ 13 መሄድ ለተመሳሳይ ቅዝቃዜ መብራቱን በ23 ከመቶ ይቀንሳል። አስሉት፣ ማካፈል ብቻ ነው። የአንዲት ቁጥር ጉዳይ እስከ ይግባኝ ፍርድ ቤት መድረሱ የሚገርመው ሰው በጁላይ የፍሬዝኖን የመብራት ቢል አላየም።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን፤ ዳክት።

ማሽኑ ምርጥ ቢሆንስ፣ አየሩ የሚሄድበት ቱቦ ቀዳዳ ከሆነ? በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ የበርክሊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በየቤቱ ጣሪያ ሥር እየዳሁ ይኼን ለኩ። ያገኙት አሳፋሪ ነበር። በተለመደ ቤት ዳክቱ ውስጥ ከሚሄደው አየር ከ20 እስከ 30 ከመቶው መንገድ ላይ ይጠፋል። የት? ከ50 ዲግሪ በላይ በሚሞቀው የጣሪያ ባዶ ቦታ ውስጥ። እናቶቻችን "በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት" የሚሉት ይኼው ነው። እንስራው ላይ ያዘንኩት ግን ባለቤቱ ስለማያየው ነው፤ ውኃ ቢሆን ወለሉ ይርሳል፣ ቀዝቃዛ አየር ግን ምልክት አይተውም። ሰውየው ቤቱ አልበርድ ሲለው ማሽኑ አንሶ ነው ይላል፤ ኮንትራክተሩም ተስማምቶ ትልቁን ይሸጥለታል። ትልቁ ማሽን ደግሞ በትልቁ ያፈሳል።

ተመራማሪዎቹ በ1998 አንድ ሌላ ነገር አደረጉ። ዳክት የሚታሸግባቸውን ነገሮች ሁሉ ሰብስበው በሙቀትና በግፊት አሠቃዩአቸው። ሁሉም ሲቋቋም በግልጽ የወደቀው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዳክት ቴፕ! ስሙን ከዳክት ወስዶ፣ ዳክት ላይ ብቻ የማይሠራ ፕላስተር። ሙጫው በሙቀት ይደርቅና ይላቀቃል። ዛሬ ደንቡ ያንን ጨርቅ ለበስ ፕላስተር ለብቻው ዳክት ላይ መጠቀም ይከለክላል፤ ማስቲክ የሚባለው ወፍራም ቅብ ነው የሚፈለገው። ተማሪዎቼ፣ አሁንም ቴፕ ጠቅልሎ የሚሄድ ሰው ካያችሁ በአክብሮት መልሱት።

ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ይቀር ነበር። ያወረደው እንደገና ችግር ነው። በ2000 እና 2001 የካሊፎርኒያ የመብራት ገበያ ተናጋ፤ ኤንሮንና መሰሎቹ ዋጋውን ሲጫወቱበት፣ በጥር 2001 በሰሜን ካሊፎርኒያ መብራት በፈረቃ ይጠፋ ጀመር። ለኛ ለአዲስ አበባ ልጆች ፈረቃ ብርቅ አይደለም፤ ለነሱ ግን የዓለም መጨረሻ ነበር። በበጋ ከሰዓት በኋላ መብራቱ ጣሪያ ሲነካ ከጭነቱ 30 ከመቶ ያህሉ ኤሲ እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ኮሚሽኑ በአስቸኳይ ደንቡን አጠበቀ፤ ከዚያም በ2005 ጥቅምት ሥራ ላይ በዋለው ደንብ ዳክቱን ወደ አሮጌው ቤት አስገባው። በሞቃቶቹ የውስጥ ክልሎች ያለ ቤት ፈርነሱን ወይም ውጭ ያለውን የኤሲ ዩኒት ሲቀይር፣ ነባሩ ዳክት ይፈተሽ፤ ማፍሰሱ ከ15 ከመቶ በታች ይሁን። ባሕር ዳር ያለው ቀዝቃዛ ክልል ለጊዜው ቀረ። በ2014 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ 16ቱንም የአየር ንብረት ክልሎች ጨመረ፤ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ልኩ ወደ 10 ከመቶ ወረደ።

ፈተናው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፣ ጠያቂዬ "ዘረፋ" ያለው እሱን ነውና። የአየር መውጫዎቹን ሁሉ በወረቀትና በፕላስተር ይደፍናሉ። አንድ መለኪያ ያለው ማራገቢያ ከዳክቱ ጋር ያገናኛሉ፤ ግፊቱ 25 ፓስካል እስኪደርስ ይነፋሉ። ሁሉም መውጫ ከተደፈነ አየር መግባት የለበትም፤ የገባው ሁሉ በቀዳዳ የወጣ ነው። አንድ ቶን ኤሲ በደቂቃ 400 ኪዩቢክ ፊት አየር ያንቀሳቅሳል ተብሎ ይያዛል። ባለ 3 ቶን ከሆነ 1,200 ነው። ስለዚህ በድሮው ልክ ከ180 በላይ ካፈሰሰ ወደቀ፣ በአዲሱ ከ120 በላይ። በቃ ይኼው ነው። ውጤቱን ኮንትራክተሩ ራሱ ብቻ እንዳይመሰክር፣ ገለልተኛ መርማሪ ያረጋግጣል። መጀመሪያ ላይ መርማሪው በናሙና ከሰባት ቤት አንዱን እንዲፈትሽ ተፈቅዶ ነበር።

ደንቡ ጨካኝ አይደለም፤ ይኼን የምለው ብዙ ሰው ስለማይነገረው ነው። ዳክቱ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ከልኩ በታች ማውረድ ካልተቻለ፣ እጅ የሚደርስበትን ቀዳዳ ሁሉ ደፍኖ መርማሪው በዓይኑ እንዲያረጋግጥ መንገድ አለው። ዳክቱ በአስቤስቶስ የተሸፈነ ወይም የታሸገ ከሆነ ጭራሽ አይነካም፤ የድሮ ቤት ያላችሁ ነጭ ካርቶን መሳይ ነገር ካያችሁ አትፋቁት፣ አደራ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ሕግ እንዲህ ያማረ ነው። ሕይወቱ ግን ሌላ ነው።

ማሽን መቼ ነው የሚሞተው? ሚያዝያ ላይ በነፋሻ ቀን አይሞትም። ኮምፕረሰር የሚሞተው ያለ ዕረፍት ሲሠራ ነው፤ ስለዚህ ዓመቱ በሙሉ ከሚኖሩት ቀናት በጣም ሞቃቱን ይመርጣል። ያን ቀን ደግሞ የሰፈሩ ኤሲ ሁሉ ነው የሚሞተው። ኮንትራክተሩ ስልኩ አያርፍም፣ መርማሪ የሚገኘው ከሳምንት በኋላ ነው።

ከሎስ አንጀለስ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ ከተማ የሚኖሩ፣ ቤተ ክርስቲያን የምንገናኝ አንዲት እናት አሉ። ከጥቂት ዓመት በፊት በጁላይ፣ 41 ዲግሪ በሆነ ቀን ኤሲያቸው ቆመ። የመጣው ኮንትራክተር ሁለት ዋጋ ነገራቸው። በፐርሚት ይኼን ያህል፣ ቀኑም ይዘገያል። ያለ ፐርሚት ከሆነ ግን ዋጋው ይቀንሳል፣ ማታውኑ ይገባል። ማታውኑ አስገቡ። በኋላ ስሰማ፣ "እማማ፣ ምነው ቢደውሉልኝ?" አልኳቸው። "ልጄ" አሉኝ፣ "ሕጉ ይጠብቀኝ ይሆናል፣ ሙቀቱ ግን አይጠብቀኝም።" ምን ይባላል? በዚያው መኸር ቢሉ አልቀነሰም ብለው ጠሩኝ። መሣሪያውን ይዤ ሄጄ ለካሁት፤ ከ1,200ው 400 ያህሉ ጣሪያ ሥር ይቀራል። አዲስ ማሽን፣ አሮጌ እንስራ። ልጃቸውና እኔ አንድ ቅዳሜ በማስቲክ ስንለብጠው ዋልን፤ ወደ 150 ወረደ። ማሽኑ ከመቀየሩ በፊት ቢለካ ኖሮ ምናልባት ባለ 2 ቶን ተኩል ይበቃቸው ነበር።

የሳቸው ጉዳይ የሳቸው ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2008 የካሊፎርኒያ ኢነርጂ ኮሚሽን ስለ ኤሲ ባወጣው ስልታዊ ዕቅድ ላይ፣ ከሚቀየሩት የቤት ማሽኖች ውስጥ ፐርሚት የሚወጣላቸው ከ10 ከመቶ በታች ናቸው ብሎ ራሱ ጻፈ። ደግማችሁ አንብቡት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሕግ ተረቀቀ፣ ተከራከሩ፣ ተካሰሱ፣ ለኩ፤ ሕጉ ከሚገባባት አንዲት በር ግን ዘጠኙ ሰው ከአሥሩ በጓሮ ያልፋል። ፐርሚት ካልወጣ ዳክት የሚፈትሽ የለም፣ ኢንስፔክተር የለም፣ ምንም የለም። ሕጉን አክብሮ የሚሠራው ኮንትራክተር ደግሞ በዋጋ ይሸነፋል። ከተማሪዎቼ ሁለቱ የራሳቸውን ድርጅት ከፍተው ነበር፤ "ጋሼ፣ እውነቱን ስንነግር ሥራው ለጎረቤት ይሄዳል" ይሉኛል። በ2016 የስቴቱ ሕግ አውጪ ኮሚሽኑ ይህን የሚያስተካክል ዕቅድ እንዲያወጣ በሕግ አዘዘው። ቀዳዳው ዛሬም ሰፊ ነው።

በእኔ እምነት ጥፋቱ ከባለቤቷ እናት ይልቅ ከሕጉ አሠራር ነው። ሰው በሕይወቱ አንዴ ወይ ሁለቴ የሚያወጣውን ፐርሚት፣ በጣም በተጨነቀባት ቀን፣ በራሱ ገንዘብ እንዲያወጣ የሚጠብቅ ሕግ፣ የሰውን ጠባይ አላጠናም። አንዳንድ ከተሞች ፐርሚቱን በኢንተርኔት በአንድ ሰዓት መስጠት ጀምረዋል፤ ከብዙ ቅጣት ይልቅ ይኼ የሚሠራ ይመስለኛል።

ሌላም ጥርጣሬ አለ፣ ልደብቃችሁ አልፈልግም። የካሊፎርኒያ የነፍስ ወከፍ የመብራት ፍጆታ ከ1970ዎቹ ወዲህ ብዙም አላደገም፤ የቀረው አሜሪካ ግን ጨመረ። የሮዘንፌልድ ወዳጆች ይኼን በስሙ ጠሩት። አሪክ ሌቪንሰን የሚባል የጆርጅታውን ኢኮኖሚስት ግን በ2016 ባሳተመው ጥናት የካሊፎርኒያን ቤቶች አንድ በአንድ አነጻጸረ። ከደንቡ በኋላ የተሠሩት ቤቶች ከደንቡ በፊት ከተሠሩት ያነሰ መብራት ይበላሉ የሚል ማስረጃ አላገኘሁም አለ። የአየሩ ለዘብ ማለትና የቤተሰብ ብዛት ብዙውን ያብራራል ባይ ነው። የኢንጂነሩ ሰፈር ተቆጣ። እኔ ሁለቱንም አንብቤ የያዝኩት ይኼ ነው፤ ኢንጂነሩ ማሽኑ በፋብሪካ ሲፈተሽ የሚቆጥበውን ይቆጥራል፣ ኢኮኖሚስቱ ቢሉን ይቆጥራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የት ሄደ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ከፊሉን የእማማ ጣሪያ ሥር አግኝቼዋለሁ።

ተከራዮችን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ማሽኑን የሚገዛው አከራይ ነው፣ ቢሉን የሚከፍለው ተከራይ። አከራይ ለሰው ቢል ብሎ ጥሩ ማሽን አይገዛም፤ ሕጉ የፈቀደውን የመጨረሻ ርካሹን ነው የሚገዛው። ለተከራይ ስለዚህ ያ "ዝቅተኛ ደረጃ" የሚባለው ቁጥር ዝቅተኛ ብቻ አይደለም፣ የሚያገኘው ሁሉ እሱ ነው።

ምሥራቅ ጠረፍ ያላችሁ "ይኼ የካሊፎርኒያ ጣጣ ነው" እንዳትሉ። ብዙ ስቴቶች እያሻሻሉ የሚቀበሉት የአገሪቱ ሞዴል የኢነርጂ ኮድ በ2015 እትሙ ለነባር ሕንፃዎች ራሱን የቻለ ምዕራፍ ከፈተ፤ ከዚያ በፊት በመግቢያው ውስጥ ተሸጉጦ ነበር። ዲሲ ደግሞ መጠበቁ ሰለቸው። የከተማው ምክር ቤት በ2018 ባጸደቀው ሕግ ትልልቅ ነባር ሕንፃዎች ማሽናቸው ሞተም አልሞተም የተወሰነ የኃይል አጠቃቀም ደረጃ እንዲያሟሉ አዘዘ፤ በ2021 ከ50,000 ስኩዌር ፊት በላይ ባሉት የግል ሕንፃዎች ተጀመረ። ኒው ዮርክም በ2019 ተመሳሳይ አወጣ። ማሽኑ እስኪሞት የሚጠብቀው የድሮው ሐሳብ እዚያ አበቃ ማለት ነው። የኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸውና ጋራዣቸው ውስጥ የሚሠራባቸው ሕንፃዎች ናቸው እነዚህ።

በካሊፎርኒያ በኩል ነገሩ ዛሬ ከውጤታማነት ወደ ዓይነት ተሻግሯል። ጥያቄው "ጋዝ ፈርነሱ ስንት ከመቶ ይሠራል" መሆኑ ቀርቶ "ጋዝ ለምን?" ሆኗል። የሳን ፍራንሲስኮ ቤይ አካባቢ የአየር ጥራት ቦርድ በ2023 ያጸደቀው ደንብ፣ በሂደት የሚሸጡት አዲስ የውኃ ማሞቂያዎችና ፈርነሶች ናይትሮጂን ኦክሳይድ የማያወጡ እንዲሆኑ ይጠይቃል፤ በተግባር ሂት ፓምፕ ማለት ነው። በደቡብ፣ ሎስ አንጀለስን የሚሸፍነው ቦርድ ተመሳሳይ ሐሳብ ቀርቦለት በ2025 በድምፅ ጣለው፤ የሰው ፍርሃት ወጪ ነበር። በዚያው በጋ የስቴቱ ሕግ አውጪ የቤት ዋጋ ናረ ብሎ፣ አዳዲስ የመኖሪያ ቤት የግንባታ ደንቦች እስከ 2031 ድረስ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር እንዳይወጡ አገደ። በ1978 ከተጀመረ ወዲህ በየሦስት ዓመቱ ገደማ ሲጠብቅ የኖረው ደንብ በሩ ላይ ቁልፍ ሲንጠለጠልበት ይኼ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ላይ ዲዛይን የምትሠሩ ልጆቼ፣ ለእናንተ አንዲት ቃል በቅንፍ። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ እግዜር በነፃ የሰጣት ኤሲ አላት። ምዕራብ ፊቱን በሙሉ መስታወት አልብሳችሁት ከሰዓት በኋላ የሚቀቀል ሕንፃ ስታስረክቡ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ "በነባር ሕንፃ ላይ የሚደረግ ለውጥ" የሚል ምዕራፍ የሚጽፍ ሰው እየቀጠራችሁ ነው።

ለጠያቂዬና ለመሰሎቹ ተግባራዊውን ልጨርስ። ውጭ ያለው ዩኒት ጎን ላይ የተለጠፈውን ሳህን እዩ፣ የተመረተበት ዓመት አለ። ከ15 ዓመት ካለፈ ዳክታችሁን በጥቅምት ወይም በኅዳር፣ ማንም በማይቸኩልበት ወር፣ አስለኩ። ዋጋ ስትጠይቁ ፐርሚቱና የዳክት ፈተናው ለየብቻ በጽሑፍ ይቀመጥ። የድሮው ማሽን ስንት ቶን እንደሆነ ብቻ አይቶ አዲሱን የሚያዝ ኮንትራክተር ከመጣ፣ የሙቀት ጭነቱን አስላልኝ በሉት።

ሜሪላንድና ቨርጂንያ በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ በየካውንቲያችሁ ማሽን ብቻ ሲቀየር ኢንስፔክተሩ በእርግጥ ዳክት ያያል ወይስ ወረቀት ፈርሞ ይሄዳል? ከታች ጻፉልኝ፤ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።